ዳኛዋ ለምን ይነሳሉ?

ፍርድ ቤት ቀጠሮ ካላችሁ ዳቦ በቦርሳችሁ ያዙ። ምክር አይደለም፣ ልመና ነው። እኔ አንድ ጊዜ ባዶ ሆዴን ሄጄ፣ ተራዬን ስጠብቅ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነና ከማላውቃት ሴትዮ ቆሎ ለምኜ በልቻለሁ። ሴትዮዋ ደግሞ ቆሎውን የሰጠችኝ እያለቀሰች ነው፤ የፍቺ ቀጠሮ ነበራት። እያለቀሰ ቆሎ የሚያካፍል ሰው ካያችሁ ያለጥርጥር ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ናችሁ።

ስለ ፍርድ ቤት ሲነሳ ሰው የሚያወራው አንድ ነገር ነው፤ መጓተቱን። አንዱ ክስ የመሠረተው ላጤ ሆኖ ነው፣ ሲፈረድለት የልጅ ልጁ አጨበጨበለት ይባላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያለው ሰውም ቀጠሮ የነበረው ይመስለኛል። ይሁን፣ ይጓተታል። ግን ስለ እረፍቱ ሲወራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዳኛ ብዕሩን አስቀምጦ ሲነሳ ሁላችንም እንነሳለን። ሲመለስ እንደገና እንነሳለን። ለምን እንደተነሳ ግን ማን ይጠይቃል? እኔ ጠይቄያለሁ። መልሱን ለማግኘት ስድስት ወር ፈጀብኝ እንጂ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጽጌ እባላለሁ። መካኒሳ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ አንድ አሮጌ የቀበሌ ግቢ አለ፤ በሩ ላይ ባለችው ክፍል የስፌት መኪናዬን ተክዬ እውላለሁ። ግቢው ውስጥ አምስት አባወራ ነን። ለአምስታችን አንድ መጸዳጃ ቤት አለን፣ እጓሮ። ወደ እሱ የምንሄደው በአንዲት ቀጭን መተላለፊያ ነበር። ሁለት ወፍራም ሰው ከተገናኘ አንዱ የኋሊት መመለስ አለበት። ብትጠብም ስንት ዓመት አገልግላናለች።

ከአምስቱ አንዱ ጋሽ ሸምሱ ናቸው። ጡረታ የወጡ ሰዓት ሠሪ። ከስልጤ በልጅነታቸው መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው። ፉሪ ቤት የሠራች ልጅ አለቻቸው፤ "አባ፣ እኔ ጋ ይምጡ" ስትላቸው፣ "እኔን የሚያውቀኝ ግድግዳ እዚህ ነው" ይሏታል። ሱሪያቸውን የምሰፋው እኔ ነኝ። የእግሩ ዘምዘማ አንድ ክር ካፈነገጠ፣ በዚያ ሰዓት ማያ ዓይናቸው አይተው ይመልሱልኛል። ልብሳቸው እንደዚያ ነው፣ ክብራቸውም እንደዚያ።

ታዲያ ስለ ጋሽ ሸምሱ ግቢው ሁሉ የሚያውቀው፣ ማንም የማይናገረው አንድ ነገር አለ። ውኃ ሽንታቸውን ብዙ መያዝ አይችሉም። የሽማግሌ ወንድ በሽታ ነው፤ ሐኪም ያውቀዋል፣ ኪኒን ይወስዳሉ። የኔ ክፍል ከበራቸው ትይዩ ነው። በየአርባ ደቂቃው በሩ ይከፈታል። ጋሽ ሸምሱ ኮፍያቸውን አድርገው ይወጣሉ። ልብ በሉ፣ ለመጸዳጃ ቤት ኮፍያ! ቀና ብለው፣ ትልቅ ሰው እንደሚጠብቀው ሰው ሄደው ይመለሳሉ። እኛም አንገታችንን ደፍተን ሥራችንን እንሠራለን። ዝም አይነቅዝም።

ጥር ላይ ደረጀ መተላለፊያዋን በብሎኬት ዘጋት። ደረጀ ቀለምና ሚስማር የሚሸጥ ጎረቤታችን ነው፤ ቤቱ ከመተላለፊያዋ ጋር ይዋሰናል። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ሌባ በዚያች በኩል ገብቶ ሁለት ጊዜ ዕቃ ወስዶበታል። ቦታውም የኔ ይዞታ ነው ይላል። ዘጋና አረፈ።

ከዚያ በኋላ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ በዋናው በር መውጣት፣ ሥጋ ቤቱን ማለፍ፣ ባጃጆቹ በሚቆሙበት መታጠፍ፣ ቦዩን መሻገርና በኋላ በር መግባት ግድ ሆነ። ሁለቱ አባወራ ለየራሳቸው ቆፍረው ሠሩ። እኔ ሥጋ ቤቱ ውስጥ ወዳጅ አለኝ፣ የነሱን እጠቀማለሁ። ሌላዋ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ጉልበታቸው የብረት ነው፣ ይዞራሉ። ለኔ ዙሪያው ሦስት ደቂቃ ነው። ለጋሽ ሸምሱ ሰባት። ሰዓት ሠሪ ናቸው፣ ለክተውታል። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ሰባት ሂድ፣ ሰባት ተመለስ የተባለን ሰው እስቲ አስቡት። ዕድሜው መንገድ ላይ አለቀ ማለት ነው።

ሽማግሌ ተላከ። ደረጀ፣ "እኔም መብቴ ነው፣ ሕግ ካለ ሕግ ይፍረደን" አለ። ጋሽ ሸምሱም ኮፍያቸውን አድርገው ተነሱ። እኔም ተከተልኳቸውና ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄድን። ክሱ "ሁከት ይወገድልኝ" ይባላል፤ በይዞታህ ላይ የሚረብሽህን ሰው አንሱልኝ ማለት ነው። ጸሐፊው ጽፎ ጽፎ፣ "አባቴ፣ መንገዱ በመዘጋቱ ምን ጉዳት ደረሰብዎ?" አላቸው።

"መብቴ ተነካ።"

"እሱን ጽፌያለሁ። ሌላ? ሕመም ካለብዎ፣ የሐኪም ወረቀት ቢያያዝ ጉዳዩ ይፈጥናል።"

"መብቴ ተነካ ብያለሁ።"

ወጥተን፣ "ጋሽ ሸምሱ፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውኃ ሲጎድል ተሻገር ይባላል። ለምን አይናገሩም?" አልኳቸው። ቆም ብለው አዩኝ። "ጽጌ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሱሪዬን ታጥቄ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ በችሎት ፊት አልፈታውም" አሉኝ። ምን ትላላችሁ?

የካቲት ላይ መዝገቡ ተከፈተ። መልስ ይዞ ይቅረብ ተባለ፣ ቀጠሮ። መልሱ ቀረበ፣ ቀጠሮ። ምስክር ይሰማ ተባለ፣ ለግንቦት ቀጠሮ። የመጀመሪያዋ ምስክር እኔ ነበርኩ።

የዚያን ቀን ጠዋት ጋሽ ሸምሱ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ። ቁርሳቸውም ደረቅ ዳቦ ብቻ። ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ "ስለ መንገዱ የጠየቁሽን ሁሉ መልሺ። ስለኔ ሰውነት ግን አንድ ቃል እንዳታወጪ። ማይልኝ" አሉ። ማልኩላቸው። ሰዓት አልፎ ስሜ ሲጠራ ችሎት ገባሁ፤ እዚያ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጄን አስጭነው፣ እውነቱን ሁሉ እናገራለሁ ብለሽ ማይ አሉኝ። ማልኩ። በአንድ ጠዋት ሁለት መሐላ፤ አንዱ ለሽማግሌ፣ አንዱ ለመንግሥት። ሁለቱ ቢጋጩስ ብዬ ያሰብኩት ከማልኩ በኋላ ነው። የኔ ነገር ሁሌም እንዲህ ነው፣ ጨርቁን ከቆረጥኩ በኋላ ነው የምለካው።

ዳኛዋ አርባዎቹ ውስጥ ያሉ ሴት ናቸው። መነጽር አላቸው፣ ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ግን አይጮኹም። መንገዱ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደነበር፣ ማን ማን ይጠቀምበት እንደነበር ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ቀጥሎ የደረጀ ጠበቃ ተነሳ። ወጣት ነው፣ ከረባቱ የሚያምር።

"ምስክር፣ በውጭ በኩል ለመዞር ስንት ደቂቃ ይፈጅብዎታል?"

"ሦስት።"

"ሌሎቹ ጎረቤቶች ዞረው ይጠቀማሉ?"

"የሚዞሩ አሉ።"

"ታዲያ ከሳሽ እንደ ሰው ሁሉ ዞረው ቢጠቀሙ ምን ይሆናሉ? ምን የተለየ ነገር አላቸው?"

እንግዲህ ይኸውላችሁ። ጋሽ ሸምሱን አየኋቸው። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ጨምቀው ይዘዋል። ፊታቸው ላይ ላብ አለ። እግራቸው ተቆላልፏል። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነው፤ ማልሽልኝ እኮ የሚል ዓይን። በዚህ በኩል መጽሐፍ ቅዱሱ ጠረጴዛው ላይ ያየኛል። ብናገር ሽማግሌውን ገደልኩ፤ ዝም ብል ክሱን ገደልኩ። ጠበቃው፣ "ምስክሯ መልስ የላቸውም ተብሎ ይመዝገብልኝ" አለ።

ዳኛዋ ቀና አሉ። መጀመሪያ እኔን አዩ፣ ከዚያ ጋሽ ሸምሱን አዩ፣ ከዚያ ከኋላችን ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት አዩ። "የተከሳሽ ጠበቃ፣ ምስክሯ የተጠሩት ስለ መንገዱ ሊናገሩ ነው። ከሳሽ ምን እንደሚሰማቸው ከሳሽ እንጂ ምስክር አያውቅም። ጥያቄው ታልፏል" አሉ። ብዕራቸውን አስቀመጡ። "ይቅርታ፣ እኔ ትንሽ መነሳት ይኖርብኛል። ችሎቱ አሥር ደቂቃ ያርፋል።"

ተነሱ። ተነሳን። ጋሽ ሸምሱ በሩን አልፈው ሲወጡ ያየ ሰው ሰባ ዓመት አልፏቸዋል አይልም።

አዳራሹ ውስጥ ሊያዩ የመጡት እትዬ ብርቄ ኋላ እንደነገሩኝ፣ እኔ ውጭ ተራዬን ስጠብቅ ጋሽ ሸምሱ ሦስት ጊዜ ብድግ ብለው ሦስት ጊዜ ተቀምጠው ነበር። ሦስተኛው ላይ ችሎት አስከባሪው፣ "አባት፣ ችሎት ነው፣ አርፈው ይቀመጡ" ብሎ ተቆጥቷቸዋል። ሽማግሌው አፍረው ተቀመጡ። እንግዲህ እረፍቱ የደረሰው በእግዜር ቸርነት ነው አልን።

ግን በዚያ አላበቃም። ከእረፍት ተመልሰን ሁለተኛው ምስክር ሲሰማ ዳኛዋ እንደገና ብዕራቸውን አስቀመጡ። "ይቅርታ፣ አሥር ደቂቃ።" ሰኔ ላይ የደረጀ ምስክሮች ሲሰሙም እንዲሁ። ሦስት ጊዜ ተነሱ። በሦስተኛው የደረጀ ጠበቃ ከረባቱን እያላላ፣ "ይህ ችሎት ነው ወይስ ስግደት?" ብሎ ኮሪደር ላይ ሲያጉረመርም ሰምቼዋለሁ።

እትዬ ብርቄ ግን ምስጢሩን ደረሱበት። ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተደርድረን ሳለ ክንዴን ቆነጠጡኝና፣ "ነፍሰ ጡር ናት" አሉ።

"ማን?"

"ዳኛዋ ናታ! አምስት ወሯ ነው። እኔ ስድስት ወልጃለሁ፤ እንዲህ ቶሎ ቶሎ የሚያስነሳ ሌላ ነገር የለም።"

"ሆዷ የለም እኮ፣ እትዬ።"

"በዚያ ካባ ውስጥ ዝሆንም ቢቀመጥ አይታይም። ዘግይታ ያገኘችው ስለሆነ ነው የምትጠነቀቀው።"

እኔም ሰፊ ነኝና ካባውን በዓይኔ ለካሁት። እውነትም ሰፊ ነው። አመንኩ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኛ ደግሞ የጨነቀን ዳኛ አስረገዝን። ከኔ ቀጥሎ የተቀመጡት ጋሽ ሸምሱ ሁሉንም ሰምተዋል። እጃቸውን ዘርግተው፣ "አላህ በሰላም ይገላግላት" አሉ። እትዬ ብርቄ፣ "አሜን፣ ማርያም በሽልም ታውጣት" ብለው ደረቡበት። ከዚያ ወዲህ ዳኛዋ በተነሱ ቁጥር ጋሽ ሸምሱ ከመጸዳጃ ቤት ሲመለሱ እጃቸውን ዘርግተው አንድ ዱዓ ያደርጋሉ።

ሐምሌ ላይ ሌላ ቀጠሮ ነበር፤ ከዚያ ክረምቱ ጠነከረና ፍርድ ቤት ተዘጋ። እንደምታውቁት ፍርድ ቤት ክረምት ላይ ያርፋል። ተረኛ ችሎት የሚያየው አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ምን አስቸኳይ ጉዳይ አለ ብትሉ ልክ ናችሁ፤ ግን መዝገቡ ላይ የተጻፈው "መብቴ ተነካ" ነው። ፍርድ ቤት ያርፋል፤ የሰው ፊኛ ግን የክረምት እረፍት የለውም። ጋሽ ሸምሱ በዝናብ ጃንጥላ ይዘው፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ሥጋ ቤቱን አልፈው፣ ባጃጆቹን አልፈው ይዞራሉ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቦዩ ጋ አንሸራተታቸው። የባጃጅ ሾፌሮች ደግፈው አመጧቸው። ቁርጭምጭሚታቸው አብጧል፤ ሱሪያቸው ግን ከጭቃ በላይ የረጠበ ነበር። እኔ ሱሪውን ተቀብዬ አጠብኩት። እሳቸውም ዝናቡ ነው አላሉኝም፣ እኔም ዝናቡ ነው አላልኳቸውም።

ልጃቸው ከፉሪ መጥታ አለቀሰች። "ይተዉት፣ አባ። እኔ ጋ እንሂድ፤ ቤት ውስጥ አለልዎት" አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሽ ሸምሱ ስለሚያውቃቸው ግድግዳ አላነሱም። ኋላ እኔ ጋ መጥተው በርጩማው ላይ ተቀመጡና፣ "ጽጌ፣ እኔ ይህን ክስ ባነሳውስ?" አሉኝ።

"ደክሞዎት ነው?"

"እኔስ አልደከመኝም። ሴትዮዋን አደከምኳት። በዚያ ሁኔታዋ በየቀጠሮው ስለኔ ቁጭ ብድግ ስትል..." ብለው ነገሩን ተዉት።

ያን ጊዜ፣ ስለ ነፍሰ ጡሯ ያዘኑ መሰለኝ። "አይ ጋሽ ሸምሱ፣ እሳቸው በሰላም ወልደው ሲመለሱ መዝገቡ ተዘግቶ ቢያገኙትስ? ይከፋቸዋል" አልኳቸው። ትንሽ ፈገግ አሉ። ክሱን አላነሱትም።

ጥቅምት ላይ ዳኛዋ አንድ ያልጠበቅነው ነገር አዘዙ። ፍርድ ቤቱ ቦታውን በአካል ሄዶ ይመለከታል አሉ። በቀጠሮው ቀን ከችሎት ጸሐፊዋ ጋር መኪና ይዘው መጡ። ካባ የለም። ሱሪ ለብሰዋል፣ ሹራብ፣ ጠፍጣፋ ጫማ። እኔና እትዬ ብርቄ ዓይናችንን ሆዳቸው ላይ ጣልን። ሆድ የሚባል ነገር የለም! እትዬ ብርቄ በጣታቸው ቆጠሩና፣ "ወልዳለች፣ ፈጥና ተመለሰች እንጂ" ብለው አንሾካሾኩልኝ።

ዳኛዋ የተዘጋችውን መተላለፊያ አዩ፣ አስለኩ። ከዚያ፣ "በውጭ በኩል ያለውን ደግሞ እንሂድበት" አሉ። የደረጀ ጠበቃ ዘሎ ቀደመ። "ቅርብ ነው፣ ክብርት ዳኛ! ይኸው!" እያለ ሥጋ ቤቱን አልፎ ሄደ። ዳኛዋ አልተከተሉትም። ወደ ጋሽ ሸምሱ ዞረው፣ "አባቴ፣ እርስዎ ይምሩኝ" አሉ።

ጋሽ ሸምሱ ኮፍያቸውን አስተካክለው መራመድ ጀመሩ። ዳኛዋ ከኋላ። ጸሐፊዋ ከዳኛዋ ኋላ። ደረጀ ከጸሐፊዋ ኋላ። እኛ ጎረቤቶች ከሁሉም ኋላ። እንዲህ ያለ ሰልፍ መካኒሳ አይቶ አያውቅም። ጋሽ ሸምሱ ሲቆሙ ዳኛዋ ይቆማሉ። ሲራመዱ ይራመዳሉ። አንድ እርምጃ አልቀደሟቸውም። "ይፍጠኑ" አላሉም፣ "ልደግፍዎት" እንኳ አላሉም። ባጃጆቹ ጥሩንባ አቁመው ያዩን ነበር። ቦዩ ጋ ሲደርሱ ጋሽ ሸምሱ የተጎዳ ቁርጭምጭሚታቸውን ይዘው ቆሙ፤ ዳኛዋ ባዶ ሰማይ እንደሚያይ ሰው ቀና ብለው ጠበቋቸው። ጠበቃው ከዚያ ማዶ በኋለኛው በር ቆሞ ሲጠብቅ ስልኩን አውጥቶ ነበር። ስንደርስ ዳኛዋ የእጅ ሰዓታቸውን አይተው አንድ ነገር ጻፉ። ምንም አልጠየቁም።

ይህን ጊዜ ነው እትዬ ብርቄ መቻል ያቃታቸው። ወደፊት ወጥተው፣ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ "እንኳን ማርያም ማረችዎት!" አሏቸው።

ዳኛዋ ደነገጡ። "እ?" አሉ። ጸሐፊዋ ሳል መጣባት። ዳኛዋ የእትዬ ብርቄን ፊት አዩ፣ የኔን አዩ፣ ከዚያ መሬት መሬት የሚያዩትን ጋሽ ሸምሱን አዩ። አንድ ነገር የገባቸው መሰለኝ። ጆሯቸው ቀላ። ቀስ ብለው፣ "አሜን፣ እናቴ" አሉና መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ኅዳር ላይ ተፈረደ። መተላለፊያዋ እንድትከፈት ተወሰነ። ፍርዱ ሲነበብ እያንዳንዷን ቃል በጆሮዬ ለቀምኩ። የይዞታው ነገር ተተነተነ፣ የሕግ ቁጥር ተጠቀሰ፣ ስለ ዙሪያው መንገድ ደግሞ "ፍርድ ቤቱ በአካል ተራምዶ እንዳረጋገጠው ለአረጋዊ ሰው አድካሚ ነው" ተባለ። በቃ። ስለ በሽታ አንዲት ፊደል የለችም። ጋሽ ሸምሱ ሱሪያቸውን እንደታጠቁ ረቱ።

ደረጀ ይግባኝ ይላል ብለን ነበር። በነጋታው መዶሻ ይዞ ራሱ አፈረሰው። ለሌባው ደግሞ የብረት በር አሠራበትና ለያንዳንዳችን ቁልፍ ሰጠን። "ምን ነካህ?" አልኩት። "ያን ቀን ከኋላ ስከተል ነበር። እኔ በዚያ እርምጃ ሄጄ አላውቅም። ከቦዩ ሳንደርስ ገባኝ፤ ግን ምን ብዬ ልናገር?" አለኝ። እሱም ሰው ነው።

የፍርዱን ግልባጭ ላመጣ የሄድኩት እኔ ነኝ። ጸሐፊዋን ለብቻዋ አገኘኋትና፣ "እኔ የምለው፣ ክብርት ዳኛ ምን ወለዱ?" አልኳት። ብዕሯን ጥላ ሳቀች። "ያን ቀን ገድላችሁኝ ነበር እኮ። ዳኛዋ ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባ።"

"ታዲያ ቁጭ ብድግ የሚሉትስ?"

"ማን? እሳቸው? በሌላ መዝገብ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ተኩል ሳይነሱ ነው የሚያስችሉት። ሻይ እየናፈቀን የምንሞተው እኛ ነን። በእናንተ መዝገብ ብቻ ነው እረፍት የበዛው። ምክንያቱን ጠይቄያቸው ነበር፤ 'ወገቤን' አሉኝ።"

ከወንበሩ ተነስቼ ታክሲ ተራ እስክደርስ እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። እንዴት ያለች ሴት ናት! ሽማግሌውን "ይውጡ" ብትል ታሳፍራቸዋለች፤ ብትተዋቸው ያፍራሉ። ስለዚህ ሰበቡን በራሷ ላይ ወሰደችው። ጠበቃ አጉረመረመባት፣ ጎረቤት አስረገዛት፣ አንድ ቃል አልመለሰችም። የሕግ ትምህርት ቤት ይህንን በየትኛው ዓመት ነው የሚያስተምሩት?

ለጋሽ ሸምሱ ልንገራቸው ወይስ አልንገራቸው ብዬ ሳምንት ተሟገትኩ። እኔን ታውቁኛላችሁ፣ በስምንተኛው ቀን አመለጠኝ። ሱሪ ሊያሳጥሩ መጥተው እግራቸውን እየለካሁ ሳለ፣ "ጋሽ ሸምሱ፣ ዳኛዋ ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ነፍሰ ጡር አልነበሩም እኮ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ።

መርፌው ከአፌ ሊወድቅ ነበር። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቀን። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ከሰዓት ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ጽጌ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያዩና አርባ ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ። ተነስተው ደግሞ የትም አይሄዱም፤ በኋላ በር ቆመው መዝገብ ያነባሉ፣ ስወጣ በመስኮቱ አያቸዋለሁ። ነፍሰ ጡር የምትነሳው በራሷ ሰዓት ነው። እሳቸው የሚነሱት በእኔ ሰዓት ነበር።"

"ታዲያ ያ ሁሉ 'በሰላም ይገላግላት' ምንድን ነበር?"

"ምን ልበል? ብርቄ ምክንያት አገኘችላቸው፤ እኔም ደገፍኩት። ገመናህን የሸፈነልህን ሰው፣ ስትሸፍንልኝ አየሁህ አትለውም። እንዳላየ ሆነህ ትቀበላለህ። ለሁለታችንም የሚሻለው እሱ ነው።" ደግሞም ጨመሩ፣ "ዱዓው ግን አይጠፋም። ወንድ ልጅ አላቸው አልሽ? ለሱ ይሁን።"

ከዚያ እንደ ልማዳቸው፣ ለማንም እንዳትናገሪ ብለው አስማሉኝ። ማልኩላቸው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አንዲት ዳኛና አንድ ሽማግሌ ስድስት ወር ሙሉ ሲሸፋፈኑት የከረሙትን ነገር እኔ በአንድ ቁጭታ ዘርግፌላችሁ አረፍኩ። የሁሉንም ስም ቀይሬያለሁ። የራሴን ግን አልቀየርኩትም፤ ፍርድ የሚገባው ሰው ስሙ መታወቅ አለበት።